ሐይደር፦ በበረዶ ላይ የቆመው ሐምሌት

አንድ ሰው የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። በሩ ክፍት ነው። ቤተሰቡ ግባ እያለ ይለምነዋል፤ እሱ ግን እግሩን አያነሳም። በመጨረሻ አንድ መንገደኛ ቀረብ ብሎ መታወቂያውን ይጠይቀዋል፤ ኪሱንና ብብቱን ይፈትሸዋል፤ ከዚያ ግባ ይለዋል። ሰውየው ይገባል። ለዓመታት ሳይፈተሽ የትኛውንም ደፍ ተሻግሮ ስለማያውቅ፣ የራሱንም ቤት ያለ ፈታሽ መግባት አቅቶት ነው የቆመው።

ይህች ትዕይንት «ሐይደር» በተባለው የህንድ ፊልም ውስጥ አጭር ናት። አጎቱ አባቱን ገድሎ እናቱን ስላገባበት የዴንማርክ ልዑል በሚተርከው በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ ደግሞ ጨርሶ የለችም። ይሁን እንጂ ልዑሉ «ዴንማርክ እስር ቤት ናት» የሚላትን ንግግር እንደዚህች ትዕይንት አድርጎ ያስረዳኝ መድረክም መጽሐፍም አላጋጠመኝም። ፊልሙን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ብቻዬን፣ በቅርቡ ደግሞ ኮልፌ አክስቴ ቤት ከእሳቸው ጋር። ከሁለተኛው በኋላ ነው ስለ ፊልሙ ልጽፍ የተነሳሁት።

ስለ ሁለቱም ወገን የምለው ያለኝ ይመስለኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ታላቅ ወንድሜ ደሴ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ የማጫወቻውን ውስጥ አልኮል በነካ ጥጥ ማጽዳት፣ አግዳሚዎቹን መደርደር፣ ፊልሙ ሲጀምር ደግሞ ከኋላ ቆሜ ታሪኩን ለተመልካቹ መተረክ ነበር። ሂንዲ አልተማርኩም፤ ከማየት ብዛት ግን እናት ስትረግምና ስትመርቅ ከድምፅዋ እለያለሁ። በዚያው ዘመን በትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ይዘን ከሐምሌት አንዳንድ ትዕይንቶችን ሠርተናል። የእኔ ድርሻ መቃብር ቆፋሪው ነበር። የራስ ቅሉን የሠራነው ከእውነተኛ ቅል ነው፤ ኖራ ቀብተን፣ ዓይኖቹን በጋለ ብረት በስተን። ከሰዓት በኋላ ሐምሌት፣ ማታ የህንድ ፊልም። ሁለቱ ይገናኛሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያገናኛቸው የህንዱ የፊልም ዳይሬክተር ቪሻል ባርድዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ማክቤዝን የሙምባይ ወንበዴዎች ታሪክ አድርጎ «መቅቡል»ን ሠራ፤ በ2006 ኦቴሎን ወደ ኡታር ፕራዴሽ የፖለቲካ ጉልበተኞች መንደር ወስዶ «ኦምካራ»ን ሠራ፤ በ2014 ደግሞ ሐምሌትን ወደ ካሽሚር አምጥቶ «ሐይደር»ን ለእይታ አበቃ። ማክቤዝ፣ ኦቴሎ፣ ሐምሌት፤ ጸጋዬም ወደ አማርኛ ከመለሳቸው የሼክስፒር ሥራዎች መካከል እነዚሁ ሦስቱ ይገኙበታል። ይህን ሳስተውል ደስ አለኝ። ደም መመለስን፣ የዘመድ ክዳትንና በሹክሹክታ የሚፈርስ ቤትን የሚያውቅ አገር እነዚህን ሦስት ተውኔቶች እንደ እንግዳ ነገር አያያቸውም።

ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በህንድ አስተዳደር ሥር ባለው ካሽሚር የትጥቅ አመፁ ከተቀጣጠለ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ወታደር በየመንገዱ፣ በየኬላው ቆሟል። ዶክተር ሂላል ሚር የአንድ የአማፂ መሪን ትርፍ አንጀት በገዛ ቤቱ በድብቅ ያክማል። በማግስቱ አካባቢው ይከበባል፤ ወንዶቹ ተሰልፈው በአንድ መኪና ፊት ያልፋሉ። መኪናው ውስጥ ፊቱን የሸፈነ ጠቋሚ ተቀምጧል። ዶክተሩ ይወሰዳል፤ ቤቱ በፈንጂ ይጋያል። አሊጋር ዩኒቨርሲቲ ግጥም የሚያጠናው ልጁ ሐይደር ሲመለስ ያገኘው ከሰል የሆነ ግድግዳ ነው። እናቱን ጋዛላን ደግሞ በአጎቱ በኩራም ቤት ያገኛታል፤ በስስ መጋረጃ በስተኋላ ኩራም ሲዘፍን እሷ ትስቃለች።

ጥንታዊ ተውኔትን ወደ ዘመናችን የሚያመጡ ፊልሞች በብዛት የሚወድቁት በልብስ ለውጥ ስለሚረኩ ነው። ንጉሡ የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል፤ ጎራዴው ሽጉጥ ይሆናል፤ ደብዳቤው የስልክ መልእክት ይሆናል። ተመልካቹ ይህ እንትን ነው፣ ያ ደግሞ እንትን ነው እያለ ሲያዛምድ ይውላል፤ ልቡ ግን አይነካም። ባርድዋጅና አብሮት የጻፈው ካሽሚራዊው ጋዜጠኛ ባሻራት ፒር ሌላ መንገድ ሄደዋል። በካሽሚር ውስጥ ቀድሞውኑ ያለውን ሕመም ፈልገው ተውኔቱን እዚያ ላይ ተክለውታል።

ትልቁ ፈተና መንፈሱ ነው። በእኛ መድረክ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ አቡጀዲ የለበሰ ልጅ ነበር፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ዕጣን እናጨስለት ነበር፤ ያም ሆኖ ተመልካቹ ያምን ነበር። በዛሬ ፊልም ውስጥ ግን ሙት ሲናገር ማን ያምናል? ካሽሚር ውስጥ መልሱ ከመንገድ ላይ ይገኛል። በአመፁ ዓመታት ከቤታቸው ተወስደው የደረሱበት ያልታወቀ ሰዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ያልሞቱ፣ ያልኖሩ። ሚስቶቻቸውን የአገሩ ሰው «ግማሽ መበለት» ይላቸዋል። እንዲህ ባለ አገር መንፈስ ለማምጣት ጭስ አያስፈልግም፤ ከጠፉት አንዱ ተመልሶ መጥቶ ቢናገር ይበቃል።

የሚመጣው በኢርፋን ኻን የተሠራው ሩህዳር ነው። በበረዶ ላይ እያነከሰ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ብቅ ሲል ቤቱ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ። «ሩህ» ማለት ነፍስ ነው፤ አክስቴ ትርጉም ሳይጠይቁ ስሙን ተረዱት። ሩህዳር ከዶክተሩ ጋር ታስሮ፣ አብሮ ተገርፎ፣ አብሮ ወደ ጄለም ወንዝ ተጥሏል፤ ዶክተሩ ሲሞት እሱ ተርፏል። ለልጁ ያደረሰው የአባት ኑዛዜ ከባድ ነው፦ እናትህን ባታለሉት በአጎትህ ሁለት ዓይኖች ውስጥ ጥይት አግባ፤ እናትህን ግን ለፈጣሪ ተዋት።

የተውኔቱ ሐምሌት መንፈሱን ሰይጣን ቢሆንስ ብሎ ይጠራጠራል። ሐይደርም ይጠራጠራል፤ ጥርጣሬው ግን ሥጋ የለበሰ ነው። ሩህዳር የታጣቂዎቹ ሰው ነው። ኩራም ደግሞ አባትህን የገደለው ያ ሰውዬ ራሱ ነው፣ የጎረቤት አገር ሰላይ ነው ይለዋል። በጦርነት ውስጥ ያለ አገር ሰው እውነትን የሚሰማው ከሁለት ጠመንጃ ያዢዎች አፍ ነው፤ ማንን ይመን? በወጣትነቴ የሐምሌት መዘግየት ያሰለቸኝ ነበር፤ ለምን አይገድለውም እል ነበር። ከዚህ ፊልም በኋላ ግን ያን ጥያቄ ትቼዋለሁ።

ስለ አክስቴ አንድ ነገር ልናገር። በ1970 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው ከቤት ተወሰደ። ለአራት ወር ከአያቴ ጋር ስንቅ አመላለሱ። አንድ ቀን ሳህኑ እንዳለ ተመለሰ፤ ከእንግዲህ አታምጡ ተባሉ። አስከሬን አልተሰጣቸውም፤ የተቀበረበትን ያሳያቸውም የለም። አያቴ እስኪያርፉ ድረስ ለልጃቸው ከል ለብሰው አያውቁም፤ ከል መልበስ ሞቷል ብሎ ማመን ነውና። ተዝካርም አልወጣለትም። ሐይደር የአባቱን ፎቶግራፍ ይዞ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ ወታደር ካምፕ፣ ከካምፕ ወደ ሆስፒታል ሲዞር አክስቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። መቁጠሪያቸውን ብቻ ፈተሉ።

አሁን ወደ ጋዛላ ልምጣ፤ ፊልሙ የእሷ ነው እላለሁ። በተውኔቱ የሐምሌት እናት ገርትሩድ ስትሠራ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ምን እንደምታውቅና ምን እንደማታውቅ አይታወቅም። ተዋናይቷ አብዛኛውን ጊዜ ከዙፋኑ አጠገብ ቆማ ታዳምጣለች። ታቡ የሠራቻት ጋዛላ ግን በባሏ ቀዝቃዛ ጽድቅ የተራበች፣ ለልጇ ከልክ በላይ የምትሳሳ፣ የገዛ ምላሷ ቤቷን ያፈረሰባት ሴት ናት። ባሏ ታጣቂ ደብቆ እንደሚያክም ለኩራም የነገረችው እሷ ናት፤ ክፋት አስባ ሳይሆን ስለፈራች። ይህን የተናዘዘችበት ፊት ከዓይኔ አይጠፋም። አታለቅስም። ለመስማት የሚከብደውን ነገር ዝግ ብላ፣ እንደ ተራ ወሬ ትናገረዋለች፤ አፏ ይናገራል፣ ዓይኗ ግን ከእኛ አልፎ የሆነ ቦታ ይቀራል።

ኩራምን በምታገባበት የሠርጓ ቀን ጋዛላ ከመስታወት ፊት ተቀምጣለች። ሐይደር ከኋላዋ መጥቶ ሽቶ ይቀባታል፤ ልጅ ሆኖ በእሷና በአባቱ መካከል እንዴት ይተኛ እንደነበር ታስታውሰዋለች። ካሜራው የሚያየው መስታወቱን ነው፤ እናትና ልጅ እየተያዩ፣ ፊት ለፊት ግን ሳይተያዩ። ስለዚህ ግንኙነት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ፊልሙ አንዲት የሽቶ ጠብታ አንገቷ ላይ አኑሮ ያልፋል፤ የቀረውን ለተመልካቹ ይተወዋል።

አንድ የአሠራር ጥበብ ላንሳ። ሐይደር በጉርምስናው ወደ ታጣቂዎቹ ማዘንበል ጀምሮ ነበር፤ ጋዛላ ቦርሳው ውስጥ ሽጉጥ አገኘች። አልጮኸችበትም፣ አልመታችውም። ሽጉጡን የራሷ ጭንቅላት ላይ ደግና ከካሽሚር ወጥተህ ትማራለህ ወይስ ልተኩስ አለችው። ይህ ገና ከፊልሙ ማጋመሻ በፊት የምንሰማው ነው፤ የእናት ማስፈራሪያ ነው ብለን እናልፈዋለን። መጨረሻው ላይ፣ በበረዶ በተሸፈነው መካነ መቃብር፣ ልጇ ተከብቦ ሳለ ስትመጣ ግን ያቺ ሴት ማስፈራራት እንደማታውቅ ይገባናል። የምትለውን የምታደርግ ናት። ከጥቁር ካባዋ ሥር ምን እንደታጠቀች አልናገርም፤ ፊልሙን ያላየ ራሱ ይየው።

«መሆን ወይስ አለመሆን» የሚለውን ንግግር እንዴት እንደሠሩት ለማየት ስጠብቅ ነበር። ሐይደር ራሱን ተላጭቶ፣ በአንገቱ የገመድ ሸምቀቆ አጥልቆ፣ ስሪናጋር ላል ቾክ አደባባይ ላይ ለሰው ይናገራል። ሐይደርን የሠራው ሻሂድ ካፑር እስከዚያ ድረስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የቆየው፤ እዚህ ይፈታዋል። በልዩ ሥልጣን አዋጁ፣ ወታደርን ከተጠያቂነት በሚጋርደው ሕግ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እየቀለደ ይጀምርና ቀልዱ ጉሮሮው ውስጥ ይሰበራል። ከዚያ የሚጠይቀው ጥያቄ በነጠላ ሳይሆን በብዙ ቁጥር ነው፦ አለን ወይስ የለንም? ልዑሉ ብቻውን በቤተ መንግሥት ሲጠይቅ ስለ ራሱ ሞት ነበር፤ እዚህ ግን ሕዝብ ነው ስለ ራሱ የሚጠይቀው። አንዲት ሰዋስዋዊ ለውጥ ናት፤ አራት መቶ ዓመት የኖረን ንግግር ግን አዲስ አደረገችው።

የህንድ ፊልም ያለ ዘፈን አይሆንም፤ ቪዲዮ ቤታችን ውስጥ ዘፈን ሲጀምር ሰው ሻይ ሊጠጣ ይወጣ ነበር። እዚህ የሚወጣ ያጣዋል። በተውኔቱ ሐምሌት ተዋንያን አስመጥቶ የአጎቱን ወንጀል በመድረክ ያሳያል፤ በፊልሙ ሐይደር ራሱ በሠርጉ ላይ «ቢስሚል» የሚለውን ዘፈን ይዞ ይነሳል። የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሆኑ አሻንጉሊቶች፣ ፊታቸውን የቀቡ ጨፋሪዎች፣ ከኋላቸው ደግሞ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የማርታንድ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ። ጭፈራው ክስ ነው። ኬይ ኬይ ሜነን የሠራው ኩራም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፈገግታውን እንዳያጣ ሲታገል፣ ከንፈሩ ሲደርቅ ይታያል። ሱክዊንደር ሲንግ በዚህ ዘፈን የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት አግኝቷል፤ ፊልሙ በጠቅላላው ከወሰዳቸው አምስት ብሔራዊ ሽልማቶች አንዱ ነው። ኮሪዮግራፊውም ተሸልሟል፤ ይገባዋል።

የከፋኝም አለ። በሐይደርና በአርሺያ መካከል በበረዶ ላይ የሚሄደው የፍቅር ዘፈን ታሪኩን ይቆርጠዋል፤ ሽራዳ ካፑር የሠራቻት አርሺያ ጋዜጠኛ ሆና ጀምራ ጋዜጠኝነቷ መንገድ ላይ ይቀራል። አባቷ ከሞተ በኋላ በራሷ እጅ የሠራችውን ቀይ ሱፍ ስትተረትር ያየሁት ምስል ግን ብዙ ይክሳል፤ ክሩ ወለሉን ሞልቶ፣ እሷ መካከሉ ተቀምጣ። ወንድሟ የሚመጣው ለመበቀል ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ ሳናውቅ ይሞታል። በተውኔቱ ያለው ሆሬሾ የሚባል ታማኝ ጓደኛ እዚህ የለም፤ በመሆኑም ሐይደር ልቡን የሚያወጣለት ሰው አጥቶ አንዳንዴ እኛም ልቡን እናጣዋለን። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ከካሽሚር የተሰደዱት የሂንዱ ፓንዲቶች ሐዘንም ከፊልሙ ውስጥ ያገኘው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው፤ ስለ ጠፉ ሰዎች በዚህ ያህል ጥንቃቄ የተሠራ ፊልም እነሱንም ቢያስታውስ ባልከበደው ነበር። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃው መካከል ላይ ይሰማል።

መቃብር ቆፋሪዎቹ ጋ ስደርስ ግን ልቤ ዘለለ፤ የእኔ ድርሻ ነውና። በበረዶው ውስጥ ሽማግሌዎች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ እየቆፈሩ ይዘፍናሉ፤ ተኛ፣ ተኛ ይላሉ። ከዚያ ቆፍረው በጨረሱት መቃብር ውስጥ ራሳቸው ገብተው ጋደም ይላሉ። እኛ በደሴ ያን ትዕይንት ለሳቅ ነበር የሠራነው፤ መምህራችንም ተመልካቹ እንዲያርፍ ነው ብለውን ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች አያስቁም። ደክሟቸዋል። ሥራው በዝቶባቸዋል። አካፋው በረዶውን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ከማንኛውም ሙዚቃ ይልቅ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል።

ስለ ፍጻሜው አንድ ነገር ብቻ። ተውኔቱ ሲያልቅ መድረኩ ሬሳ ይሞላል፤ ሐምሌት የአባቱን ደም መልሶ ይሞታል። ባርድዋጅ ይህን ለውጦታል። ሐይደር ሽጉጡን በአጎቱ ዓይኖች ላይ ደግኖ ሳለ፣ የአባቱ ኑዛዜ በአንድ ጆሮው፣ በቀል በቀልን ብቻ ይወልዳል የሚለው የእናቱ ቃል በሌላው ይመጣበታል። ደም ያልመለሰ ወንድ ተብሎ መጠራት ምን ማለት እንደሆነ በሚያውቅ ቤተሰብ ውስጥ ስላደግሁ፣ ያ የሐይደር እጅ እንዴት እንደከበደው ይሰማኛል። ሼክስፒርን ነካካ ብለው የሚቆጡ አሉ። እኔ አልተቆጣሁም። ሽማግሌ አስታርቆ ደም በሚያደርቅበት አገር ተወልጄ ይህን ፍጻሜ እንደ ድፍረት እንጂ እንደ ስህተት ላየው አልችልም።

ማየት ለምትፈልጉ፣ በማታ ይሁን፣ ስልካችሁንም አርቁት። ሐምሌትን አስቀድሞ ማንበብ ግድ አይደለም፤ ያነበበ ግን ሁለት እጥፍ ያተርፋል። ልጆች ባይኖሩ ይመረጣል፤ የግርፋቱ ትዕይንቶች ጨካኝ ናቸው።

ከአክስቴ ጋር ሳየው እንድደግምላቸው የጠየቁኝ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ሐይደር አባቱን ሲፈልግ ሬሳ የጫነ የጭነት መኪና አለ። ከሬሳዎቹ መካከል አንድ ልጅ ዓይኑን ይገልጣል። ደም በደም ሆኗል፤ ደሙ ግን የሌሎች ነው። እጁን ያያል፣ እግሩን ያያል፣ ከመኪናው ዘሎ ይወርድና ሕያው መሆኑ ሲገባው መሬት ላይ ይጨፍራል። አክስቴ «አንዴ መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። «እስቲ ደግሞ» አሉ። ሦስተኛው ላይ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ሳይዞሩ «ይሄ ልጅ እናቱ ጋ ደርሷል?» ብለው ጠየቁኝ። ካሜራው ከዚያ በኋላ አይከተለውም።